ሲዲኤል ከተያዘ በኋላ፦ በአሜሪካ የትራክ ሥራ የመጀመሪያው ዓመት

የሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ፈተና ማለፍን ነው። በኮኖች መሃል የኋሊት ገብቶ መቆም፣ ፕሪ ትሪፑን (ከጉዞ በፊት የሚደረገውን ፍተሻ) በቃል መወጣት፣ የአየር ፍሬኑን ፍተሻ በቅደም ተከተል መናገር፤ ሁሉም ያስፈልጋል። ሌሊት በዝናብ፣ 40 ሺህ ፓውንድ ጭኖ፣ አይቶት ወደማያውቀው መጋዘን መግባት ግን በጥቂት ሳምንት አይለመድም። ያንን የሚያስተምረው የመጀመሪያው ዓመት ነው።

ዳላስም ሆነ ዴንቨር፣ ሲያትልም ሆነ ሚኒያፖሊስ፣ ሲዲኤል ላወጣ ሰው ቡና ላይ የሚቀርብለት ጥያቄ «በሳምንት ስንት ይገኛል?» ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቤተሰብ አለ፣ ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚጠብቅ ሰው አለ። ነገር ግን ጥሩ የሚከፍሉት ካምፓኒዎች የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ልምድ የሚጠይቁት በአብዛኛው ኢንሹራንሳቸው ስለሚያስገድዳቸው ነው። ልምዱ ከአደጋና ከጥሰት የጸዳ መሆን አለበት። በመጀመሪያው ዓመት ከገንዘቡ በላይ የሚሠራው ያ ንጹሕ መዝገብ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ እሱን ለመጠበቅ የሚረዳ ነው።

ወረቀቱን አስቀድሞ ማስተካከል

ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዲኤል የሚያወጣ ሰው በፌዴራል መዝገብ ላይ በተመዘገበ ትምህርት ቤት መማር አለበት። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የትምህርት ቤቱ ስም መዝገቡ ላይ መኖሩን ራሳችሁ ፈልጋችሁ አረጋግጡ። የመለማመጃ ፐርሚት ከወጣ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 14 ቀን ሳይሞላ የመንጃ ፈተና አይሰጥም። ከስቴት ስቴት ለመንዳት 21 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው።

ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት የሌላችሁ፣ በወርክ ፐርሚት ያላችሁ ወገኖች፣ ይህን ልብ በሉ። በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ የፌዴራል መንግሥቱ ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች የሚሰጠውን ሲዲኤል እጅግ የሚያጠብ ደንብ አወጣ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ስለዚህ ለትምህርት ቤት ብዙ ሺህ ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት፣ ዛሬ ባላችሁ ወረቀት ስቴታችሁ ሲዲኤል ይሰጣችሁ እንደሆነ የስቴቱን መንጃ ፈቃድ ቢሮ በቀጥታ ጠይቁ። ጓደኛችሁ ዓምና አግኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም።

የሜዲካል ካርዱ ቢበዛ ለሁለት ዓመት ነው የሚሰጠው። ብዙ ሰው የሚያስቸግረው የደም ግፊት ነው፦ ከ140 በ90 በታች ከሆነ ሁለት ዓመት ይሰጣል፤ ከ140 እስከ 159 ወይም የታችኛው ከ90 እስከ 99 ከሆነ አንድ ዓመት ብቻ፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ በወራት የሚቆጠር ጊዜ ወይም ከነጭራሹ መከልከል ይመጣል። በምርመራው ጠዋት ቡና አትጠጡ፣ እየሮጣችሁም አትግቡ። መድኃኒት ካላችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ።

ለመቀጠር በፌዴራሉ የዕፅና አልኮል መዝገብ፣ ክሊሪንግሃውስ በሚባለው፣ አካውንት ከፍታችሁ ለካምፓኒው ፈቃድ መስጠት አለባችሁ። ከኖቬምበር 18 ቀን 2024 ወዲህ እዚያ መዝገብ ላይ «የተከለከለ» ተብሎ የተጻፈ ሰው ሲዲኤሉ ራሱ ይወርድበታል። ማሪዋና ስቴቱ ቢፈቅደውም ለሲዲኤል አይፈቀድም። ብዙ ካምፓኒዎች ከሽንት በተጨማሪ የፀጉር ምርመራ ይጨምራሉ፤ ይህኛው የወራት ታሪክ ያወጣል። ስለ ጫትም በግልጽ መነጋገር አለብን። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተመደበ ንጥረ ነገር ነው። እንቅልፍ ለመከላከል ተብሎ መኪና ውስጥ የተገኘ አንድ ፌስታል፣ ትኩስም ይሁን የደረቀ፣ ሥራውን ብቻ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጉዳይንም ያበላሻል። እንቅልፍ መጣ ማለት መቆም አለባችሁ ማለት ነው፤ ሌላ መፍትሔ የለውም።

እንግሊዝኛው

ሾፌር እንግሊዝኛ ማንበብና መናገር አለበት የሚለው ሕግ የቆየ ነው። ከጁን 25 ቀን 2025 ወዲህ ግን መንገድ ላይ ይህን ያላሟላ ሾፌር እዚያው ከሥራ እንዲታገድ ተደርጓል። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ያናግራል። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚ፣ ስልክ ላይ ያለ መተርጎሚያም ሆነ የተጻፈ ወረቀት አይፈቀድም። ቀጥሎ የመንገድ ምልክቶችን ያሳያል፤ በመብራት ተጽፈው የሚለዋወጡትን ቦርዶችም ጨምሮ።

የሚጠየቀው ነገር ብዙም አይለያይም፦ ከየት ነው የመጣኸው? ወዴት ነው የምትሄደው? ምን ጭነሃል? ስንት ሰዓት ጀመርክ? ሎግ ቡክህን (የሥራ ሰዓት መዝገብህን) አሳየኝ፤ ሬጂስትሬሽን፣ ሜዲካል ካርድ። እነዚህን ከባለቤታችሁ ወይም ከልጃችሁ ጋር ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። ልጆች ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ናቸው። ቃል በቃል መሸምደድ ግን አይጠቅምም፤ ተቆጣጣሪው ጥያቄውን ትንሽ አዙሮ ሲጠይቅ የሸመደደ ሰው ይጠፋበታል። ምልክቶቹን ስትማሩ ትርጉማቸውን ብቻ ሳይሆን በእናንተ አነጋገር ማስረዳትንም ልመዱ። ድልድይ ከመንገዱ ቀድሞ ይበርዳል የሚለው፣ ፍሬን ለጠፋበት ትራክ የተሠራው መውጫ፣ የሚዛን ጣቢያው ክፍት ነው የሚለው፣ የግራው መስመር ወደፊት ይዘጋል የሚለው ከሁሉ ቀድመው ይጠየቃሉ ብላችሁ ተዘጋጁ።

ካምፓኒ ስትመርጡ

ልምድ የሌለውን የሚቀበሉት በአብዛኛው ትልልቆቹ ናቸው፤ ራሳቸው አሠልጣኝ መድበው የሚያሠለጥኑ። ከትምህርት ቤት ወጥታችሁ ብዙ ወራት ሳትነዱ ከቆያችሁ ብዙዎቹ እንደገና ማደሻ ኮርስ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ሲዲኤሉ ሳይወጣ ከወር በፊት ማመልከት ጀምሩ። የትምህርት ቤቱን ክፍያ ካምፓኒው ከሸፈነ ውል ትፈርማላችሁ፦ ይህን ያህል ወር ካልሠራችሁ ቀሪውን ትከፍላላችሁ የሚል። ውሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ግን ሦስት ነገር ተጽፎ እዩ፦ የዕዳው ጠቅላላ መጠን፣ በየወሩ ምን ያህል እንደሚሰረዝ፣ እና እነሱ ቢያሰናብቷችሁ ዕዳው ምን እንደሚሆን።

ክፍያ በማይል ሲነገራችሁ ማይሉ በምን እንደሚለካ ጠይቁ። አንዳንዱ ካምፓኒ ከከተማ ከተማ ባለው አጭር ርቀት ነው የሚቆጥረው፤ በተግባር የምትነዱት ከዚያ ከአምስት እስከ አሥር በመቶ ሊበልጥ ይችላል። በሳምንት 2,500 ማይል በ50 ሳንቲም 1,250 ዶላር ነው፤ ግን ያ 2,500 የተባለው የተነዳው ወይስ የተከፈለበት? ጭነት ስትጠብቁ ከስንት ሰዓት በኋላ ይከፈላል? በአብዛኛው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። መኪናው ተበላሽቶ ሆቴል ስታድሩስ? ይህን ሁሉ ከመፈረም በፊት ጠይቁ።

ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። አንደኛው በ1099፣ ማለትም እንደ ቅጥር ሠራተኛ ሳይሆን ለራሱ እንደሚሠራ ተቋራጭ፣ የሚከፍሉ ትንንሽ ካምፓኒዎች ናቸው። ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ በአማርኛ ይነጋገራሉ፣ ቶሎ ይቀጥራሉ፣ ሲቸግር ይረዳሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን በ1099 ስትሠሩ ከትርፋችሁ ላይ ከመደበኛው ግብር በተጨማሪ 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር የምትከፍሉት ራሳችሁ ናችሁ፤ በዓመት አራት ጊዜም አስቀድማችሁ መክፈል አለባችሁ። ብትጎዱ የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ ላይኖራችሁ ይችላል። በ1099 በማይል 65 ሳንቲም ከደብሊው 2 (ከቅጥር ደመወዝ) በ55 ሳንቲም ይበልጣል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ወረቀት ላይ አስሉት።

ሁለተኛው ካምፓኒው ራሱ ትራክ እያከራየ «በስተመጨረሻ የራስህ ይሆናል» የሚለው ሊዝ ነው። የሳምንት ኪራዩ፣ ነዳጁ፣ ጥገናው፣ ኢንሹራንሱ ሁሉ ከእናንተ ይቆረጣል፤ ሎድ (ጭነት) የሚሰጠው ግን ካምፓኒው ነው። ሎድ ከቀዘቀዘ ኪራዩ አይቀዘቅዝም። ይህን ጉዳይ እንዲያጠና የተቋቋመው የፌዴራል ግብረ ኃይል በጃንዋሪ 2025 ባቀረበው ሪፖርት እንዲህ ዓይነቱ ፕሮግራም እንዲከለከል መክሯል። አዲስ ሾፌር የትራክ ወጪ በማይል ስንት እንደሆነ ገና አያውቅም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት እጃችሁን ከዚህ ሰብስቡ።

አሠልጣኙ

ከአሠልጣኝ ጋር የሚቆየው ጊዜ እንደየካምፓኒው ከጥቂት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ገደማ ይሆናል። በአንዲት ጠባብ ካቢን ሁለት ሰው ማለት ነው። አሠልጣኙ እናንተ ስትነዱ ተኝቶ፣ ማይል ብቻ እየሰበሰበ ከሆነ አልሠለጠናችሁም። በአክብሮት ግን በግልጽ ጠይቁት፦ የኋሊት መግባትን፣ ሚዛን ማስተካከልን፣ በካርታ መንገድ ማውጣትን፣ ወረቀት መሙላትን እኔ ላድርገው፣ አንተ እያየህ አርመኝ በሉት። ካልሆነ ሌላ አሠልጣኝ እንዲሰጧችሁ መጠየቅ ያስፈራል፤ ግን መብታችሁ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሳካል።

ትሬለር ስትይዙ

አዲስ ሾፌር ከሚሠራቸው ስህተቶች ሁሉ ይህኛው ያስደነግጣል፤ ትሬለሩ መንገድ ላይ ይወድቃል። የሚሆነው እንዲህ ነው። የትሬለሩ አፍንጫ ከፍ ብሎ ቆሟል። ትራኩ የኋሊት ሲገባ ኪንግ ፒኑ (ከትሬለሩ ሥር የወጣው የብረት ካስማ) ትራኩ ላይ ባለው መያዣ መንጋጋ ውስጥ ሳይገባ ከላዩ ላይ ይቀመጣል። ድምፅ ይሰማል፣ ጎተት ሲያደርጉት ይዟል ያሰኛል። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ወይም የባቡር ሐዲድ ሲሻገሩ ይላቀቃል።

መከላከያው ከመኪና መውረድ ነው። ፊፍዝ ዊሉ (ትራኩ ላይ ያለው ትሬለሩን የሚሸከመው ብረት) ትሬለሩ ሥር ሊገባ ሲል ቁሙና ውረዱ። የትሬለሩ የታች ሳህን ከፊፍዝ ዊሉ መሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ትራኩ ሲገባ በጥቂቱ ከፍ የሚያደርገው መሆን አለበት። ከፍ ካለ የትሬለሩን እግር ሰብስባችሁ ትሬለሩን ዝቅ አድርጉት፤ በጣም ዝቅ ካለ እግሩን አውርዳችሁ ከፍ አድርጉት። ከገባችሁ በኋላ የትሬለሩን ፍሬን እንደያዘ ትታችሁ በዝቅተኛ ማርሽ ሁለት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ወደፊት ሳቡ። ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ በጎን ዝቅ በሉ። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ በሳህኑና በፊፍዝ ዊሉ መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት አለመኖሩን፤ መንጋጋው የኪንግ ፒኑን ቀጭን አንገት ከኋላ ዙሪያውን መያዙን፤ የመልቀቂያው እጀታ ሙሉ በሙሉ መግባቱን። በቀን ብርሃንም ባትሪ ያስፈልጋል፤ እዚያ ሥር ሁልጊዜ ጨለማ ነው፣ ግሪሱም ጥቁር ነው። ይህን ሳታዩ የትሬለሩን እግር አታንሱ።

ትሬለር ስትፈቱ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ፍሬን፣ እግር ማውረድ፣ የአየር ቱቦዎቹና የመብራት ገመዱ፣ ከሁሉ በኋላ እጀታው። ቱቦውን ረስቶ የሚነሳ ብዙ ነው፤ ይበጠሳል፣ ሰው ሁሉ ያያል። መሬቱ አስፋልት ሆኖ ሙቀት ካለ የትሬለሩ እግር እንዳይሰምጥ ከሥሩ ጣውላ አድርጉ።

ጠዋት ጠዋት የአየር ፍሬኑን ፈትሹ፤ ትምህርት ቤት የሸመደዳችሁት ቁጥር እዚህ ነው ጥቅሙ። ግፊቱ ከ120 እስከ 140 ፒኤስአይ ባለው ውስጥ መሙላቱን ማቆም አለበት። ሞተር አጥፍታችሁ ፍሬን ረግጣችሁ አንድ ደቂቃ ስትይዙ ከትሬለር ጋር ከ4 ፒኤስአይ በላይ መውረድ የለበትም። ፍሬኑን ደጋግማችሁ ስትረግጡ ወደ 60 ሲጠጋ ማስጠንቀቂያው መጮኽ አለበት፤ ከ20 እስከ 45 ባለው ውስጥ የማቆሚያ ፍሬን ቁልፎቹ ራሳቸው መውጣት አለባቸው። ጎማ ላይ የፊተኛው ጥርስ ከ4/32 ኢንች፣ የሌሎቹ ከ2/32 ማነስ አይፈቀድም። ሁለት ሁለት ሆነው ከተጣመሩት ጎማዎች አንዱ አየር አልባ ሆኖ ሌላው ተሸክሞት ሊሄድ ይችላል፤ በዓይን አይታወቅም፣ ስለዚህ መለኪያ ተጠቀሙ።

ሚዛን

ሕጉ ጠቅላላ 80,000 ፓውንድ ነው፤ የትራኩ ድራይቭ ጎማዎች (ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው የኋላዎቹ) 34,000፣ የትሬለሩ ጎማዎች 34,000። የፊቱ በአብዛኛው ከ12,000 እንዳይበልጥ ይያዛል። ባዶ ትራክና 53 ጫማ ትሬለር ከነነዳጁ ወደ 35 ሺህ ስለሚጠጋ፣ ለጭነት የሚቀረው 45 ሺህ አካባቢ ነው። ነዳጅ በጋሎን 7 ፓውንድ ይመዝናል፤ ሙሉ ታንክ ከ1,400 ፓውንድ በላይ ነው፣ ከሚዛን በኋላ ነዳጅ መሙላት የሚያስቀጣችሁ ለዚህ ነው።

ከባድ ጭነት በጫናችሁ ቁጥር ቅርብ ወዳለው ካት ስኬል (የትራክ ሚዛን) ሂዱ። ወረቀቱ እንዲህ ቢል፦ ፊት 11,800፣ ድራይቭ 35,100፣ ትሬለር 31,200፣ ጠቅላላ 78,100። ጠቅላላው ደህና ነው፤ ድራይቩ ግን በ1,100 በልጧል። መፍትሔው የትሬለሩን ጎማዎች ወደ ፊት፣ ወደ ካቢኑ አቅጣጫ ማምጣት ነው፤ ያኔ ከድራይቭ ላይ ክብደት ተነሥቶ ትሬለሩ ላይ ያርፋል። የትሬለሩ ጎማዎች የሚቆለፉባቸው ቀዳዳዎች በ4 ኢንች ርቀት ከሆኑ እያንዳንዱ ወደ 250 ፓውንድ ያዛውራል። አምስት ቀዳዳ 1,250 ነው፦ ድራይቭ 33,850፣ ትሬለር 32,450። የሚሠራው የትሬለሩን ፍሬን በቀዩ ቁልፍ አስይዞ፣ የጎማዎቹን መቆለፊያ ፒን በእጀታው አውጥቶ፣ ትራኩን ቀስ ብሎ የኋሊት መንዳት ነው፤ ጎማው ባለበት ይቆማል፣ ሳጥኑ ከላዩ ይንሸራተታል። ወደ ኋላ ለመውሰድ ደግሞ ወደፊት ትነዳላችሁ። ፒኖቹ አራቱም በቀዳዳው ብቅ ብለው ካላያችሁ አትንቀሳቀሱ። ካሊፎርኒያ ከኪንግ ፒን እስከ ኋለኛው አክስል 40 ጫማ ብቻ ትፈቅዳለች፤ ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ጎማው እስከየት ወደ ኋላ መሄድ እንደሚችል ከመነሣታችሁ በፊት እወቁ። ጎማው ወደ ፊት በመጣ መጠን የትሬለሩ ጅራት ሲታጠፍ ይበልጥ ይወጣል፤ አጠገባችሁ የቆመ ትራክ ካለ በስፖኪዮ ተከታተሉት።

ሰዓት

በቀን 11 ሰዓት መንዳት ይፈቀዳል፤ ግን ሥራ ከጀመራችሁበት ቅጽበት በ14 ሰዓት ውስጥ ነው። ከ8 ሰዓት ንዳት በኋላ 30 ደቂቃ ዕረፍት፣ በስምንት ቀን 70 ሰዓት፣ ከዚያ 34 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ከወሰዳችሁ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ሰውን የሚጎዳው 14ቱ ነው። ሥራ ጀምራችሁ መጋዘን አምስት ሰዓት ከቆማችሁ ያ ሰዓት ይቆጠራል፤ የቀራችሁ ዘጠኝ ነው፣ 11 መንዳት አትችሉም። ይህን ለዲስፓቸራችሁ (ጭነት ለሚመድብላችሁ የካምፓኒው ሰው) በወቅቱ ንገሩት። ቀጠሮው ላይ እንደማትደርሱ ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ ከተናገራችሁ ቀጠሮ ይቀየራል፤ በር ላይ ደርሳችሁ ከተናገራችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው።

ለእኛ ሰው የተለየ ወጥመድም አለ። ቀጠሮ 02:00 ሲል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው እንጂ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት አይደለም። በእንቅልፍ ጭንቅላት በሀበሻ ሰዓት የቆጠረ ሰው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ሌላው፣ ሎግ ቡኩ የሚሠራው በካምፓኒው መናኸሪያ ሰዓት ነው፤ ቀጠሮው ግን በቦታው ሰዓት። ከዳላስ ሎስ አንጀለስ ሁለት ሰዓት ይለያያል። ቀጠሮውን ወረቀት ላይ በሁለቱም ጽፋችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፉት።

ሎግ እናስተካክልላችኋለን፣ ሰዓት እንጨምርላችኋለን የሚሉ አሉ። በስልክ ያደርጉታል፣ ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ ይመለሳል። ተቆጣጣሪው ግን የነዳጅ ደረሰኙን፣ የሚዛን ወረቀቱንና የክፍያ መንገዱን ካሜራ ከሎጉ ጋር ያስተያያል። የሐሰት ሎግ ከተገኘ እዚያው ያቆማችኋል፤ ጥሰቱ በስማችሁ ይመዘገባል፤ አደጋ ከተፈጠረ ደግሞ ነገሩ ወደ ወንጀል ይሄዳል። ለባለ ካምፓኒው ብላችሁ የራሳችሁን ፈቃድ አትስጡ።

የኋሊት መግባት

ብዙ የአዲስ ሾፌር አደጋ በሰዓት ከአምስት ማይል በታች በሚኬድ የኋሊት ጉዞ ላይ ነው የሚደርሰው። ወርዶ ማየት ያሳፍራል ብላችሁ አታስቡ፤ ሃያ ዓመት የነዳውም ይወርዳል። የምታዩትም ከኋላ ያለውን ብቻ አይደለም፤ ቀና ብላችሁ የጣሪያ ጠርዝ፣ የመብራት ገመድና የዛፍ ቅርንጫፍ ፈልጉ፤ ትሬለሩ 13 ጫማ ከ6 ኢንች ከፍታ አለው። ግቢውን ከመግባታችሁ በፊት በስልክ የሳተላይት ካርታ እዩት፤ በቻላችሁ መጠን በራሳችሁ በኩል፣ በግራ፣ የምትገቡበትን አቅጣጫ ምረጡ። መሪውን ጥቂት ጥቂት አዙሩ፤ ትሬለሩ ዘግይቶ ነው የሚመልሰው፣ ሲመልስ ደግሞ ብዙ ይመልሳል። ማዕዘኑ ከተበላሸ ወደፊት ሳብ አድርጋችሁ አስተካክሉ። ሰዎች ቆመው ቢያዩ፣ ክላክስ ቢነፉ አትቸኩሉ። ከኋላ የሚመራ ሰው ከጠፋባችሁ ወዲያው ቁሙ።

ቁልቁለትና በረዶ

ኦሪገን ውስጥ በአይ 84 ሃይዌይ ካቤጅ ሂል፣ ቴነሲ ውስጥ በአይ 24 ሞንትኢግል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ግሬፕቫይን፣ ኮሎራዶ ውስጥ በአይ 70 ከአይዘንሃወር ዋሻ በኋላ ያለው፤ የእነዚህን ቁልቁለቶች ስም ከመነሻው እወቁ። ደንቡ አንድ ነው፦ ማርሹንና ፍጥነቱን ከአናቱ ላይ ምረጡ። ከጀመረ በኋላ ካምቢዮውን ዝቅ ማድረግ ላይሳካ ይችላል። ሞተር ፍሬኑ ሥራውን ይሥራ። የእግር ፍሬኑን ሳትለቁ ብትረግጡ ድራሙ ግሎ ይሰፋል፣ ሸራው አይደርስበትም፣ ፍሬን ይጠፋል። ለ40 ማይል የወሰናችሁ ከሆነ 40 ሲደርስ ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ በሦስት ሰከንድ ገደማ ወደ 35 አውርዱት፣ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፣ እንደገና 40 ሲደርስ ድገሙት።

በበረዶና በእርጥብ መንገድ ግን የሞተር ፍሬኑን አጥፉ፤ ድራይቭ ጎማዎቹን ብቻ ስለሚይዝ ትሬለሩ ከኋላ ይገፋችኋል፣ ትራኩ ይታጠፋል። መንገዱ እርጥብ እየመሰለ ከፊታችሁ ካሉት መኪናዎች ጎማ የሚረጨው ውኃ ድንገት ካቆመ ውኃው በረዶ ሆኗል ማለት ነው። ኮሎራዶ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በአይ 70 ተራራማው ክፍል ሰንሰለት መያዝን ታስገድዳለች፤ ማሰሩን በደረቅ ቀን ግቢ ውስጥ ተለማመዱ። ናፍጣ በብርድ ይረጋል፤ መከላከያውን ከመርጋቱ በፊት፣ ነዳጅ ከመሙላታችሁ አስቀድማችሁ ታንኩ ውስጥ ጨምሩ። ዋዮሚንግ ውስጥ በአይ 80 ከላራሚ እስከ ሮሊንስ ባለው ነፋስ ባዶ ትሬለር ይገለበጣል። ለቀላል ጭነት መንገዱ ተዘግቷል ከተባለ ቁሙ፤ «ሌሎቹ እየሄዱ ነው» የሚል ዲስፓቸር መኪናው ውስጥ የለም። እምቢ የማለት መብት የሾፌሩ ነው።

ቀሪው

የመኪና ጂፒኤስ አትጠቀሙ፤ የድልድይ ከፍታ አያውቅም። የትራክ ጂፒኤስና የራንድ መክናሊን የትራክ አትላስ ሁለቱንም ያዙ። ማቆሚያ ከምሽቱ በፊት ፈልጉ፤ ጨለማ ሲሆን ፓይለት፣ ላቭስና ቲኤ የሚባሉት ትራክ ስቶፖች ሁሉ ይሞላሉ። ስልክ በእጅ መያዝ ሾፌሩን እስከ 2,750 ዶላር ያስቀጣል። ከተፈቀደው 15 ማይልና ከዚያ በላይ መፍጠን፣ ተጠግቶ መከተል፣ ያለ አግባብ መስመር መቀየር ከባድ ጥሰት ናቸው፤ በሦስት ዓመት ሁለት ከተገኘ ሲዲኤሉ ለ60 ቀን ይታገዳል።

ትራኩ መንገድ ዳር ከቆመ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስቱን የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኖች አውጡ። በአንድ አቅጣጫ በሚኬድበት ሃይዌይ ከኋላ በ10፣ በ100ና በ200 ጫማ፤ በሁለት አቅጣጫ መንገድ 10 ጫማ፣ 100 ከኋላ፣ 100 ከፊት።

ምግብ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ትራክ ስቶፕ ላይ በየቀኑ የበላ ሰው ገንዘቡም ጤናውም ያልቃል፤ የሚቀጥለው የሜዲካል ካርድም የሚበላሸው እዚያ ነው። ትንሽ ፍሪጅና ከሲጋራ መለኮሻው የሚሠራ ማሞቂያ ይበቃል። እንጀራ ታጥፎ በላስቲክ፣ ወጡ በትንንሽ ዕቃ ቀዝቅዞ፤ ለጾም ሽሮና ምስር። ሙስሊም ሾፌሮች በረመዳን ሲጾሙ ሰዓታቸውን አስቀድመው ከዲስፓቸር ጋር ቢያመቻቹ፣ የማፍጠሪያው ሰዓት ላይ መንገድ ላይ አይሆኑም።

ካምፓኒ ለመልቀቅ ስትወስኑ መኪናውን መንገድ ላይ ወይም ትራክ ስቶፕ ጥላችሁ አትውጡ፤ «መኪና ጥሎ ጠፋ» የሚል ቃል ቀጣዩ ቀጣሪ በሚያየው የሥራ ታሪክ ሪፖርት ላይ ይገባል፤ በቃለ መጠይቅም አይፋቅም። ትራኩን ወደ ግቢያቸው መልሱ። ውስጡን፣ ውጪውን፣ ጎማዎቹን፣ የነዳጁን መጠንና የማይል ቆጣሪውን ፎቶ አንሡ። ቁልፉን ማን፣ በስንት ሰዓት ከእናንተ እንደተረከበ በኢሜይል አስፍራችሁ ላኩላቸው። ከወር በኋላ ደግሞ የሥራ ታሪክ ሪፖርቱን ቅጂ ጠይቁ፤ ለሾፌሩ በነፃ ነው የሚሰጠው። የአምስት ዓመት አደጋና የሦስት ዓመት ፍተሻ የሚያሳየውን የፌዴራሉን መዝገብም አውጡ። ስህተት የተጻፈ ነገር ካለ፣ ፎቶውንና ኢሜይሉን አያይዛችሁ በጽሑፍ እንዲታረም ጠይቁ።